የአጎቴ አዲስ አሮጌ መኪና

የገዛ ንብረቱን የሚያጣጥል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ አጎቴ ነው። አልዱባ ገበያ ላይ በሬ ሲሸጥ ያሞግሳል፣ ሲገዛ ያንቋሽሻል። ከዱባይ ያስመጣት አሮጌ ፒክአፕ ጉምሩክ ስትደርስ ግን ነገሩ ተገለባበጠበት። ራሱ እንደነገረን፣ ገማቹ መኪናዋን ዞር ብሎ ሳያይ፣ ኮምፒውተሩን ብቻ አይቶ የአዲስ ዋጋ ቆለለባት። ቀረጡን ካልከፈለ እዚያው ልትቀር ነው።

አጎቴ እንደ በሬ ገዢ ጀመረ። «ጌታው፣ በሯ አይዘጋም፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች። ይቺ እኮ ለእርድ እንኳ አትሆንም።»

«ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ነው የሚቆጥራት፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ጂንካ ድረስ ይንዳት።»

አልተቀነሰለትም። በሬዎቹን ሸጦ ከፈለና፣ ገንዘቡን ለመመለስ መኪናዋን ጂንካ ላይ ለሽያጭ አቀረባት። የመጀመሪያው ገዢ ዙሪያዋን አይቶ «ይቺማ አሮጌ ናት» አለ።

አጎቴ ደረቱን ነፋ። «መንግሥት አዲስ ናት ያላትን መኪና አንተ አሮጌ ልትላት?»

ገዢው እየሳቀ ሄደ፤ እኔም በሆዴ ደስ አለኝ። በማግስቱ አልዱባ የሄድነው በእሷ ነው። ጋቢና ተቀምጬ፣ የአዲሲቷን መኪና በር እንዳይከፈት እስክንደርስ በእጄ ይዤ።