ለተራበ የተነፋ ጥሩምባ

ሌሊቱን በሕልሜ አንድ ቀይ ሽንኩርት ሊገዛኝ መጥቶ ጉንጬን ቆነጠጠኝ።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት የተኛሁት በባዶ ሆዴ እንደነበር ልንገራችሁ። የምሠራበት ዱቄት ቤት ከተዘጋ ወዲህ፣ እትዬ የሺመቤት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል መስኮት ስር ተቀምጬ ደመና ሳይ ነው የምውለው። ደመና ደግሞ አይበላም። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ እያፈርኩ እያፈርኩ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ፈንታሁንን በራቸው ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ስሞት የምታደርጉልኝን ከወዲሁ በምሳ ብታደርጉልኝስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲስቁ ቦርጫቸው አብሮ ይስቃል።

«ምንይችል ልጄ፣ ለሚሠራ ገበያ አለለት። ለተቸገረ መንግሥት አለለት። እኛ ለሞተ ነን፤ ሕጋችን ነው። ሙትና እየን!»

እሺ ብዬ ሄጄ ተኛሁ።

እና ሽንኩርቱ ጉንጬን ቆንጥጦ፣ «ይሄ የዛሬ ነው ወይስ ያደረ?» አለ።

ያለሁት ገበያ መሃል፣ ማዳበሪያ ላይ ነበር። ዙሪያዬን ሰው በመደብ በመደብ ተደርድሯል። ሾፌሮች አንድ መደብ፣ መምህራን አንድ መደብ፣ አዝማሪዎች ለብቻቸው ጥላ ስር። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙ ዘንቢል አንጠልጥሎ በመሃላችን እየዞረ ይመርጣል። ሻጩ አንድ ትልቅ ሚዛን ነበር፤ በርጩማ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

«ያደረ ነው ጌታው» አለ ሚዛኑ። «ምን እዋሽዎታለሁ?»

«እንግዲያው ስንት ልጨምርልህ?»

«ኧረ ይቀንሱ!»

«እጨምራለሁ አልኩህ እኮ!»

«በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ!»

ሲከራከሩ ቆይተው ሚዛኑ ተቆጣና እኔንም በርጩማውንም ትቶ ጉዞ ጀመረ። ሽንኩርቱ «ና! ና በቃ፣ ቀንሻለሁ!» እያለ ከኋላው ሮጦ መለሰው።

«ዘመድ አለው?» ሲል ጠየቀ ሽንኩርቱ።

«የለውም።»

«ጓደኛስ?»

«መስኮት አለው።»

ሽንኩርቱ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ከአንገቴ ቁልፍ ጀምሮ ይልጠኝ ገባ። አንዱን ሸሚዝ ሲያወልቅ ከስሩ ሌላ ሸሚዝ፣ እሱን ሲያወልቅ ሌላ። መሃል ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሰው ሲላጥ ያስለቅሳል ሲሉኝ አላምንም ነበር» አለና አፍንጫውን ጠረገ። «አይዞህ ወንድሜ። ግን ብቻውን የኖረ ሰው አይበረክትም። ቤት ወስጄህ ብትበላሽብኝስ?»

አጠገቤ የነበረውን ትራፊክ ፖሊስ አንዲት ቲማቲም ገዛችው፤ ፊሽካውን ምርቃት ጨመሩላት። አዝማሪውን ምስሮች ተሰብስበው ወሰዱት፤ «ስንፈላ ይዘፍንልናል» ተባባሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ማዳበሪያው ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሚዛኑ አዘነልኝ።

«እኔ እንግዲህ አልቻልኩም፤ አንተን መንግሥት ይይህ» ብሎ በገበያው በር ገፍትሮ አስወጣኝ።

ከበሩ ወዲያ የገዛ ክፍሌ ነበር። አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ደጅ ረጅም ሰልፍ ይታየኛል። የተሰለፉት የወረዳው ሠራተኞች ናቸው፤ ክራባት አስረዋል፣ ማኅተም በአንገታቸው አንጠልጥለዋል፣ እያንዳንዳቸው እንፋሎቱ የሚወጣ ዳቦ ታቅፈዋል። «ተራ! ተራ! አትጋፉ!» እያለች ሰልፍ የምታስይዘው የእትዬ የሺመቤት ዶሮ ነበረች።

መጀመሪያ የቆመው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

«ጌታዬ፣ አንድ ችግር ካለዎት ይጣሉልኝ። ከጠዋት ጀምሮ የረዳሁት ሰው የለም። ልጆች አሉኝ።»

«እኔ ትልቅ ችግር አላልኩም» አለች ከኋላው ያለችው። «ራስ ምታትም ቢሆን አልንቅም።»

እውነቱን ለመናገር ልቤ በደስታ አበጠ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ነገር ምላሴ ላይ መጣ። እግሬን አነባበርኩ፤ ጥርሴን በስንጥር እየጎረጎርኩ፣

«ሲስተም የለም» አልኳቸው።

«መቼ ይመጣል ጌታዬ?»

«ነገ ኑ።»

«ትናንትም ነገ ብለውን ነበር!»

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» አልኩና ትራሴን አሳየኋቸው። ትራሴ ራስጌዬ ላይ ሆኖ ያንኮራፋል።

ሠራተኞቹ ተያዩ። ራስ ምታት የለመነችው አለቀሰች። ከዚያ ሰልፉ እንዳለ ዞሮ ሄደ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ስቄ ስጨርስ ነው ዳቦው አብሮ መሄዱ ትዝ ያለኝ።

«ኧረ ተመለሱ! ችግር አለብኝ! ብዙ ነው ያለኝ!» እያልኩ ከኋላቸው ሮጥኩ።

«ነገ! ነገ!» አሉኝ ከሩቅ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ሮጬ ሮጬ መቃብር ቦታ ደረስኩ። ሙታን ነጭ በነጭ ለብሰው ድንኳን ይተክላሉ። አንዱ ካስማ ይመታል፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ያወርዳል።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኩ።

«ሞት ምን ያስቸኩላል?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ አፈሩን ከትከሻቸው እያራገፉ። «ሞትማ እኛም ሞተናል፣ ምን ሆንን? ሰው ርቦት ነው እንጂ!»

ጥሩምባ ተነፋ። «የእትዬ የሺመቤት ተከራይ ምንይችል ስለራበው፣ የእድራችን አባላት በሙሉ ለማብላት እንድትወጡ!»

ጋሽ ፈንታሁን ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ደረታቸውን እየደቁ መጡ። «ወይኔ ልጄን! ሳይበላ! በዚህ በልጅነቱ ሳይበላ!» ሴቶቹ ሙሾ አወረዱልኝ፦

አንጀቱ ተጣጥፎ እንደ ክት ነጠላ፣
እናንት ቆማችኋል ምንይችል ሳይበላ!

መሃል ላይ አስቀመጡኝ። ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዜር ያጥግብህ» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «አሜን» እላለሁ። አንድ ትልቅ ድስት ቀረበና ተከፈተ። ውስጡ ያ ሽንኩርት ተቁላልቶ፣ ደም መስሎ ተኝቷል።

«መጣህ?» አለኝ። «አልገዛህም አልኩ እንጂ አላበላህም አልኩ? በል ጉረስ። አላስለቅስህም።»

ጠቀለልኩ። አፌን ከፈትኩ። እጄ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ ጥሩምባው ጆሮዬ ስር አንባረቀና ነቃሁ።

ነጋ። ጥሩምባው ግን አልቆመም።

«የእትዬ የሺመቤት ተከራይ ምንይችል ስላረፈ፣ የእድራችን አባላት በሙሉ ለቀብር እንድትወጡ!»

ብድግ ብዬ በመስኮቴ አየሁ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ቆሟል። ጋሽ ፈንታሁን የመጨረሻውን ካስማ ይመታሉ። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለጎረቤቱ ይተርካሉ።

«ሌሊት ውሃ መጣ። ስንት ቀን ጠፍቶ! ‹ምንይችል፣ ውሃ! ውሃ መጥቷል!› ብዬ በሩን ደበደብኩት። ዝም። ባልዲው እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ባዶውን። በሕይወት ያለ ሰው ውሃ መጣ ተብሎ ይተኛል?»

«ምን ሲደረግ!» አለ ጎረቤቱ በአንድ ድምፅ። እውነትም በሰፈራችን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ልቅሶው ቀጥ አለ። ጋሽ ፈንታሁን መዶሻቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

«ምነው ምንይችል? ድንኳን ከተተከለ በኋላ?»

«አልሞትኩም እኮ ጋሼ።»

«እሱንማ አየን። ንፍሮው ግን ተቀቅሏል!»

ኮሚቴው ጥግ ይዞ ተማከረ። ሕጋችን ሞቶ ስለተነሳ አባል ምንም አይልም፤ የተቀቀለ ንፍሮ ይመለስ ብሎም አይልም። ከታች ሰፈር የመጡት ለቀስተኞች ደግሞ በሩን ሞልተዋል፤ አንድ ሰው ማጽናናት አለባቸው፤ እኔ ዘመድ የለኝም። ስለዚህ አግዳሚው ራስ ላይ እኔኑ አስቀመጡኝ።

«እግዜር ያጽናህ» አለኝ አንድ የማላውቀው ሰው።

«አሜን።»

«ለሟቹ ምኑ ነህ?»

«ቅርብ ነን» አልኩት።

ጋሽ ፈንታሁን ንፍሮ በሁለት እጃቸው ዘግነው መዳፌ ላይ ገለበጡልኝ። ቅሜ እስክጨርስ አጠገቤ ቆሙ። እንደገና ዘገኑልኝ። ግራ ቀኙን አየት አየት አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ስማ ልጄ፣ እድሩ የሚያበላው እስከ ሠልስት ነው። እስከዚያ አደራህን፣ ዝም ብለህ ሙት።»