ወዴትም የማይዞረው አግዳሚ ወንበር

በሕንፃችን ደጃፍ አንድ የብረት አግዳሚ ወንበር ሊተከል ነውና ያልሰማ ይስማ፤ የሰማም ደረጃ ሲወጣ ላገኘው ሁሉ ያሰማ።

ንዌጥን እንከ ዜናሁ ለሊቀ መንበር ሚዛኑ፣ የሊቀ መንበር ሚዛኑን ዜና እነሆ እንጀምር፤ የሆነውን እንደሆነው፣ ያልሆነውንም እንደሚገባው አድርገን እንጽፋለን። ዘመኑ ሊፍቱ በቆመ በአራተኛው ዓመት፣ ዘመነ ምክር አልፎ ዘመነ እንደ ፍጥርጥርህ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነበረ። ዘመነ ምክር የተባለው የቀድሞው ሊቀ መንበር ዘመን ነው፤ እርሳቸው በየደረጃው ግድግዳ «ማልዶ መነሣት ጤና ነው» ብለው ያስጻፉ፣ ሰው መጋረጃው ምን ቀለም ይሁን፣ ልጁስ ምን ይማር እያሉ ስብሰባ የሚጠሩ ነበሩና ሕዝቡ መክረውት መክረውት ቢታክተው ከሥልጣን አወረዳቸው። በምትካቸውም የማዕዘኑን መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ሾመ፤ ክኒን ለሁለት ሲከፍሉ ግማሾቹ የማይበላለጡላቸውን፣ ስለዚህም ሚዛኑ የተባሉትን፣ ደረጃውን ማንም በማይወደው ማንም በማይጠላው ግራጫ ቀለም ያስቀቡትን፣ በሁለት ጎረቤታሞች ጠብ መካከል ቆመው ሁለቱንም ያስኮረፉትን። በተሾሙ ዕለት፣ በነጋሪት ፈንታ በሕንፃው ቴሌግራም ያስነገሩት አዋጅ ይህ ነው፦

«ኮሚቴው ውኃ ያስገባል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ደረጃ ያስጠርጋል። ሰው እንዴት ይኑር፣ ምን ይውደድ፣ ወዴት ይመልከት ግን አይልም። ደንቡን በጋራ፣ ኑሮውን ሁሉም እንደ ፍጥርጥሩ!»

ሕዝቡም አውራ ጣት በአውራ ጣት ላይ ደረደረላቸው፤ መጋረጃም እንደ ልብ ተሰቀለ።

ወእምዝ የሊቀ መንበሩ አክስት፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ የዚህን ሕንፃ ሕዝብ እኩሌታ ገና ሳይታጠብ ያወቁት፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቤታቸው ምድር ቤት ነው፤ መስኮታቸውም ከመጋዘን ግድግዳ በቀር የሚያየው የለም። ከዚያው መስኮት ሆነው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«እናንተ ልጆች! ይሄን ግድግዳ ከማየቴ ብዛት ብሎኬቶቹን በየስማቸው ልጠራቸው ነው። ደጅ አንድ መቀመጫ አድርጉልኝ፣ ወጪ ወራጁን ልይበት። ሰው ናፈቀኝ።»

ይህን የሰማ ሁሉ አዋጣ። ወንበሩም ተበየደ፣ መደገፊያው እንደ ጳጳስ ወንበር ቀና ያለ፣ ቀለሙም እርግጥ ነው ግራጫ። በያጁ ጉድጓዶቹን ቆፍሮ፣ ሲሚንቶውን አቡክቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ማንም ያላሰበውን ጠየቀ፤ የወንበሩ ፊት ወዴት ይሁን? በአንድ ወገን በሩና መንገዱ አሉ፤ በሌላው ወገን ሣሩና አንዲቱ ዛፍ።

አሜሃ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ጡረተኛው መምህር ተነሡ፤ ከእርሳቸውም ጋር ተሰለፉ የመስቀለኛ ቃላት ፈቺው፣ በሣር ላይ እጁን ዘርግቶ የሚተነፍሰው የባንክ ሠራተኛ፣ ከሰው ዓይን መሸሸግ የፈለጉ ሁለት እጮኛሞች፣ እንዲሁም መምህሩ ያሉትን ሁሉ «ልክ ነው» የሚለው አማቻቸው። መምህሩም አወጁ፦

«መንገድ የሚያይ ሰው ወሬ ያመጣል፤ ዛፍ የሚያይ ሰው ያስባል! ወንበሩ ወደ ዛፏ ይዙር። ነዋሪውን ወደ መልካም የማይመራ ኮሚቴ ኮሚቴ አይባልም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው!»

ከሦስተኛው ፎቅ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በአፏ እንደያዘች ብቅ አለች፤ ተከታዮቿም መኪናውን ከዓይኑ የማይለየው ታክሲ ነጂ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትጠብቀው የመንትዮች እናት፣ ፀጉር አስተካካዩና የቤት ደላላው ነበሩ። እርሷም መርፌዋን አውጥታ አወጀች፦

«ጋሼ፣ ዛፍዎን ለብቻዎ ይዩ! እኛ ሰው ስናይ ነው ደማችን የሚሞቀው። ለመሆኑ ትናንት አንገትዎን እንደ ቀጭኔ አስግገው የአዲሷን ተከራይ ሻንጣ ሲቆጥሩ የነበረው፣ ዛፏ ሻንጣ ይዛ መጥታ ነው?»

ሠራዊትና ሠራዊትም በረንዳ ለበረንዳ ተፋጠጠ። ሊቀ መንበራችን በመካከል ቆሙ፤ ወደ መንገድ ቢያዞሩት ለአክስቱ አደላ ሊባሉ፣ ወደ ዛፏ ቢያዞሩት ዘመነ ምክር ተመለሰ ሊባል፣ «ወዴት ይመልከት አይልም» ብለው በገዛ ጣታቸው የጻፉት አዋጅም ገና ከቴሌግራሙ አናት ላይ ተሰክቶ ነበርና፣ ላብ አጠመቃቸው። በያጁም ከጉድጓዱ አፋፍ አዋጅ አወጣ፦

«ጌቶች፣ ሲሚንቶ ክርክር አያውቅም! እየያዘ ነው!»

ያን ጊዜ ሚዛኑ፣ የግራጫው ጌታ፣ የግማሽ ክኒን ዳኛ፣ ሁለቱን ወገን አይተው፣ ወንበሩንም አይተው፣ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ ትውልድ የሚያወሳውን ቃል ተናገሩ፦

«መደገፊያው ይቆረጥ! መደገፊያ የሌለው ወንበር ፊትም ኋላም የለውም። ያሻው ወደ መንገድ፣ ያሻው ወደ ዛፍ ይቀመጥ። ኮሚቴው ለማንም አላደላም!»

የመቁረጫው ማሽን አጓራ፣ እሳት ረገፈ፣ መደገፊያው ወደቀ። የዛፍ ወገን ወደ ዛፍ፣ የመንገድ ወገን ወደ መንገድ ሆኖ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጠ፤ ጠብም ቀረ፣ መተያየት ቀርቷልና። ሊቀ መንበራችንም አገር አቅንቶ እንደሚመለስ ንጉሥ፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ በእግራቸው፣ እስከ አምስተኛው ፎቅ በክብር ወጡ።

ወበሳኒታ፣ በማግስቱ፣ አክስት በምርኩዝ ወጡ። ትራሳቸውን አንጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ መንገድ አድርገው ተቀመጡ። አንድ ብስክሌት አለፈ፤ አንዲት ሴት ነፋስ ከገለበጠው ጃንጥላዋ ጋር ስትሟገት አለፈች፤ አክስትም ፈገግ አሉ። ሦስተኛው አላፊ ሳይደርስ ግን ወገባቸው ከዳቸው፤ ወደ ኋላ ቢሉ የሚይዛቸው አጡ፣ ወደ ፊት ቢያጎነብሱ ከጫማቸው በቀር የሚታይ የለም። ትራሳቸውን አጥፈው፣ ተነሥተው፣ ወደ አምስተኛው ፎቅ አንጋጠው አወጁ፦

«አንተ ልጅ! ለሁሉም እኩል አድርገኸዋል፣ ተባረክ። ወገብ ላለው ሁሉ እኩል ነው። እኔ ወደ ግድግዳዬ ገባሁ።»

ከዚህ ቃል በኋላ በረንዳዎቹ እንደገና ተንጫጩ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋ «መልሶ ይበየድ፣ ወደ መንገድ!» አለች፤ መምህሩም «ይበየድ ካላችሁ ወደ ዛፍ!» አሉ። ነገር ግን መደገፊያው በተቆረጠበት ሌሊት በበያጁ እጅ የሌላ ሰው መስኮት ብረት ሆኖ አድሮ ነበረ።

በማታው ሚዛኑ ከመድኃኒት ቤት ተመለሱ፤ ነጭ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። ደረጃውን ትተው የምድር ቤቱን በር አንኳኩ። አክስታቸውን በክንድ ደግፈው አወጡ፣ ትራሱን አነጠፉ፣ ወደ መንገድ አስቀመጧቸው። ከዚያም ዞረው በወዲያኛው ወገን ተቀመጡና ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ለአክስታቸው ጀርባ ሰጡ። አክስትም ተደገፉ፤ መጀመሪያ በጥቂቱ፣ በኋላ በሙሉ ክብደታቸው። ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በፊታቸው አለፈ፤ የሚያውቁትን ጠሩ፣ የማያውቁትን አሙ፣ ሳቁም። ሊቀ መንበራችን መንገዱን አላዩም፤ ሳቁ ግን በጀርባቸው በኩል ደረሳቸው።

ወዲያው በረንዳዎቹ በሰው ሞሉ። ልብስ ሰፊዋ «ይኸው ለመንገድ አደሉ፣ እሰይ!» ብላ አወጀች። መምህሩ «የለም፣ እርሳቸው የሚያዩት ዛፍ ነው!» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የዚህን ዘመን ከባዱን ጥያቄ በአዋጅ መልክ ጣሉ፦

«ሊቀ መንበሩ የተቀመጡት እንደ ኮሚቴ ነው ወይስ እንደ ወንድም ልጅ? እንደ ኮሚቴ ከሆነ አድልዎ ነው። እንደ ወንድም ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ ነገ እኔን ወገቤን ቢያመኝ የማንን ጀርባ ልደገፍ? ይብራራልን!»

ኦ ሚዛኑ! ኦ የብረት ቆራጭ፣ የደረጃ ጌታ፣ የግራጫ አባት! ነገሥታት ዙፋናቸውን ከፍ ለማድረግ መደገፊያ አስረዘሙ፤ አንተ መደገፊያ ቆርጠህ መደገፊያ ሆንክ። ዛፏ ስምህን በቅጠሏ ትጥራ፤ መንገዱም ወጪ ወራጅ አያሳጣህ፤ ወገብህ ይጽና፣ ሊፍቱም በዘመንህ ይነሣ!

ሕዝቡ ሁሉ ማብራሪያውን ሲጠባበቅ ሊቀ መንበራችን አንገታቸውን ወደ በረንዳው አላዞሩም፤ ቢያዞሩ አክስታቸው ይንሸራተታሉና። ዛፏን እንዳዩ የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ተቀምጫለሁ። አላብራራም።»