ድምፅ የሚውጥ ሶፋ

(ቢቸና። የአንዷለም ሳሎን። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ መስታወት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ሰው የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮችና አንድ በርጩማ ብቻ አሉ፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ወጥቷል። አንዷለም ስለ ድምፅ በስልኩ ያላየው ትምህርት፣ ከራሱ በቀር የሚያምነው ሊቅ የለም። ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ፋንታ፣ የአጣና ነጋዴው፣ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ቆሟል።)

ፋንታ፦ ዝጋው! ዝጋው ብዬሃለሁ! ጥርሴን ነቀለው!

አንዷለም፦ ጥርስህን ምን አገባው? ድምፅ የሚሰማው በጆሮ ነው።

ፋንታ፦ ጆሮዬማ ቀድሞ ሄደ። አሁን ተራው የጥርስ ነው።

አንዷለም፦ (እየዘጋው) ይኸ ጥርስ መንቀል አይባልም። ድምፁ ከመጠን በላይ ጠርቶ ነው። ትሬብል ይባላል።

ፋንታ፦ ስሙን ካወቅኸው ጸበል ውሰደዋ! ትናንት ስትከፍተው አንዱ ሚኒባስ ትራፊክ ነፋብኝ ብሎ ዳር ይዞ ቆመ። ሹፌሩ መንጃ ፈቃዱን ይዞ በርህን ሲያንኳኳ አላየኸውም?

አንዷለም፦ አየሁት እንጂ። ገብተህ አዳምጥ ብለው፣ ቅጣቱን እመርጣለሁ ብሎኝ ሄደ።

ፋንታ፦ ሰርካለምስ? ዛሬ አይደል የምትመጣው?

(የሚስቱ ስም ሲነሳ አንዷለም ዞሮ በመስኮቱ መንገዱን ያያል። ሰርካለም ከስፒከሮቹ ጋር አንድ ቀን አድራ፣ «ወይ እኔ ወይ እነሱ! ስመለስ እንዲህ ሲያፏጩ ካገኘኋቸው ሻንጣዬን አልፈታም» ብላው ነው ሞጣ እህቷ ዘንድ የሄደችው።)

አንዷለም፦ ደብረ ወርቅን አልፋለች። እስክትደርስ ይስተካከላል።

ፋንታ፦ እሷ ስትሄድ እኮ ትንሽ ነበር የሚያፏጭ። አንተ ምንጣፉን ስታወጣው ባሰበት።

አንዷለም፦ ስለባሰበት መጋረጃውን አወጣሁ።

ፋንታ፦ መጋረጃው ሲወጣም ባሰበት።

አንዷለም፦ ስለዚህ ሶፋውን አወጣሁ። ሳይንስ ደረጃ በደረጃ ነው!

ፋንታ፦ ሶፋው ሲወጣማ ውሻዬ ከተማውን ለቆ ወጣ።

አንዷለም፦ ገና ፍራሹ ቀርቶ ነበራ! ስማ ፋንታ፣ ጨርቅ ድምፅ ይውጣል። ያ ሶፋ ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ እየመጠጠ ቀጭኑን ብቻ ተወልኝ።

ፋንታ፦ ታዲያ አሁን ሶፋው የለም። ወፍራሙ የት ገባ?

አንዷለም፦ ሶፋው ውስጥ ነዋ! ይዞት ወጣ!

ፋንታ፦ አሃ! ለካ ለዚህ ነው! እኔ ቤት በግድግዳው በኩል ሲመጣ እንደ ማር ነው የሚወርድ። ትናንት ሶፋህ ላይ ጋደም ብዬ...

አንዷለም፦ ቆይ፣ ቆይ! አስቀምጥልኝ አልኩህ እንጂ ተጋደምበት አልኩህ?

ፋንታ፦ ታዲያ ቆሜ ልጠብቀው? ሶፋ እኮ ነው። ምንጣፉንም አይጥ እንዳይበላው አነጠፍኩት። መጋረጃውንም እንዳይጨማደድ ሰቀልኩት።

አንዷለም፦ ፍራሹንስ?

ፋንታ፦ ፍራሹንማ አልነካሁትም። ማታ ማታ ብቻ እተኛበታለሁ።

አንዷለም፦ እንግዲህ አንተ የምትሰማው ትራፊ ነው! ግድግዳ ያላመጠውን! ንጹሑን ድምፅ ለመስማት ጆሮ መሠልጠን አለበት።

ፋንታ፦ የእኔን ጆሮ እንኳ ተወው፣ ሠልጥኖም አያውቅ። ግን ለምን ይመስልሃል እንዲህ የሚቀጥን?

አንዷለም፦ አየሩ ነው። ቢቸና ደጋ ነው። ድምፅ ሲበርደው ይቀጥናል።

ፋንታ፦ ከበረደው ታዲያ ለምን ልብሱን ገፈፍከው?

(አንዷለም ጎንበስ ብሎ የስፒከሩን ገመድ ይነካካል።)

አንዷለም፦ ቴክኒክ ውስጥ አትግባ! አንተ አጣናህን ሽጥ። ለማንኛውም ዛሬ ያልቅለታል። ሞጣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሙሐመድሸሪፍ ዘንድ ጠዋት ደውዬ ነበር። «ቤቱ ውስጥ ምን ምን አለ?» አለኝ። «ምንም! እንደ መስታወት የጸዳ ነው!» አልኩት። ዝም አለ።

ፋንታ፦ ኔትወርኩ ሄዶ ነው?

አንዷለም፦ በአድናቆት ነው እንጂ! ከዚያ፣ «የጎደለህ ነገር ገብቶኛል፤ ሰርካለም ሳትሳፈር በእሷ እልክልሃለሁ» አለኝ። ዋጋውን ስጠይቀው ሳቀ።

ፋንታ፦ ምን ያስቀዋል?

አንዷለም፦ የእውነት ውድ ዕቃ ዋጋው በስልክ አይጠራማ! አምፕሊፋየር ነው፤ ያ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበራው። ድምፁን አሙቆ፣ አለስልሶ ነው የሚያወጣው።

ፋንታ፦ (በመስኮቱ እያየ) ባጃጅ ቆመ! ሰርካለም ናት! እሷን የሚያክል ካርቶን ታቅፋለች!

አንዷለም፦ እሷን የሚያክል? ይኸ ተራ አምፕሊፋየር አይደለም! ክፈተው፣ ክፈተው! እስክትገባ ይሞቃል። ድምፅ ሲሞቅ ይወፍራል!

(ዘፈኑ ይከፈታል። ማሲንቆው ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል። ፋንታ ጥርሱን በእጁ ይደግፋል። በሩ ግን አይንኳኳም።)

አንዷለም፦ የት ቀረች?

ፋንታ፦ እኔ ቤት ገባች።

አንዷለም፦ አንተ ቤት ምን ልታደርግ?

ፋንታ፦ መጋረጃዋን አይታ ነዋ። የአንተ ቤትማ «ይከራያል» የሚል ማስታወቂያ ነው የቀረው።

የሰርካለም ድምፅ፦ (ከግድግዳው ማዶ) አንዱዬ! እሰይ፣ እሰይ! ድምፁ ተስተካከለ እኮ! እንዴት ይጥማል! ስፒከሮቹንስ የት ደበቅሃቸው?

አንዷለም፦ (ደረቱን ነፍቶ) ሰማህ? ሙቀቱ ሠራ!

ፋንታ፦ ትራፊውን እኮ ነው የምታዳምጠው።

(አንዷለም ሮጦ ይወጣል። ካርቶኑን ብቻ ከፋንታ ደጅ አንስቶ፣ ታቅፎ ይመለሳል። ሰርካለም የገባችበት ቤት የራሷ መስሏት ከሶፋዋ አልተነሳችም። ስፒከሮቹን ዘግቶ፣ ካርቶኑን እንደ አራስ ሕፃን ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል።)

አንዷለም፦ አስተሻሸጉን እይልኝ! እንዳይጋጭ በብርድ ልብስ ጠቅልሎታል። ባለሙያ እንዲህ ነው! (ይገልጣል። ይገልጣል። ብርድ ልብሱ ተገልጦ ያልቃል፤ ውስጡ ምንም የለም። አገላብጦ ጠርዝ ጠርዙን ይዳብሳል።) ፋንታ... ገመዱ በየት ነው የሚገባው?

ፋንታ፦ ስጠኝ እስቲ። (ብርድ ልብሱን ከስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር ያንጠለጥለዋል።) ክፈተው።

(ይከፍተዋል። ማሲንቆው ይናከስ የነበረውን ያህል አይናከስም። የፋንታ እጅ ከጥርሱ ላይ ይወርዳል። አንዷለም ብርድ ልብሱን ያያል፤ ስፒከሩን ያያል፤ መልሶ ብርድ ልብሱን ያያል።)

አንዷለም፦ ታውቅ ነበር?

ፋንታ፦ ሶፋው የወጣ ዕለት ጠርጥሬ ነበር። ፍራሹ ሲወጣ አረጋገጥኩ።

አንዷለም፦ ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?

ፋንታ፦ ይመቻላ።

የሰርካለም ድምፅ፦ አንዷለም! ይኸ የፋንታ ቤት ነው እንዴ? ጉድ ነው! ምንጣፌ እዚህ፣ ፍራሼ እዚህ፣ ባሌ ባዶ ቤት! እንግዲህ እኔ ካለሁበት አልነቃነቅም። ከፈለግኸኝ መጀመሪያ ያን መጋዘን መልሰህ ቤት አድርገው። ሰው እንዳትጠራ! በራስህ ተሸክመህ፣ ሰፈሩ እያየህ!

(ቆየት ብሎ፣ ግቢው። ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ወጥቷል። አንዷለም ምንጣፉንና መጋረጃውን አስገብቷል፤ አሁን ፍራሹን ተሸክሞ ይንገዳገዳል። ፍራሹ ታጥፎ እስከ አገጩ ወርዶበታል። ፋንታ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከኋላው ይከተላል።)

አንዷለም፦ (ከፍራሹ ውስጥ፣ ታፍኖ) ...እኔ እኮ ከመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር... ጨርቅ ለድምፅ መድኃኒት ነው... ሳይንሱ የሚለው ምን መሰለህ... ፋንታ? ትሰማኛለህ?

ፋንታ፦ እሰማሃለሁ ወንድሜ፣ እሰማሃለሁ። ብቻ ፍራሹን እንዳታወርደው። ገና አሁን ነው ድምፅህ የተስተካከለ።