«በስንት ዓመታቸው? በምን?»

ሐበሻ ባለበት ሁሉ የለቅሶ ድንኳን አለ፤ ድንኳን ባለበት ሁሉ ደግሞ አንድ የማያፍር ጠያቂ አይጠፋም። ጁባ መንገዷ ገና አስፋልት በሚለብስበት ዘመን ለእኛ ሰው የደረሱት የእርዳታ ድርጅት ነርሷ ሲስተር በዛብሽ ነበሩ። ሌላው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ አንገቱን ሲደፋ፣ እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ሐዘንተኛው ይጎትቱና «በስንት ዓመታቸው? በምን?» ይላሉ። የተሾመ አያት በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ሲያርፉ እንኳ «በእርጅና» የሚለው መልስ አልበቃቸውም። «እርጅና በሽታ አይደለም» ብለው አፋጠጡት። ያን ቀን ተሾመ «መርማሪዋ» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው።

በማዕረጉ አብዝተው ከሳቁት አንዱ የተሾመ የሥራ ባልደረባ፣ የመንገድ ቀያሹ እንድሪያስ ነበር፤ ድንኳኑ ኮሎሎ ሰፈር፣ ከራሱ ግቢ እስኪተከል ድረስ። ታላቅ ወንድሙ ብስራት አዲስ አበባ አርፎ፣ እሱ ቀብሩ ላይ እንኳ አልደረሰም። የሲስተር በዛብሽ ወንበር ሲንፏቀቅ ሲሰማ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ።

«በስንት ዓመቱ?»

«በአርባ አንድ።»

«በምን?»

«ሆዱን አሞት ነበር።»

«ሆድ ብዙ ዕቃ አለው። የቱን?»

«አንጀቱን። ካንሰር አሉት።»

«አባትህስ?»

«በአርባ ስድስት። እሳቸውን እንኳ ሒሩት የምትባል ጎረቤታችን በጠላ መርዛቸው ነው። እህታቸውንም።»

«ሁለት ሰው መርዛ አልታሰረችም?»

ከዳር አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አንተ ሠላሳ ስድስት ነህ። ሽንት ቤት ስትቀመጥ ደም አይተህ ታውቃለህ?»

በለቅሶ ቤት! እንድሪያስ «ይውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ወጡ። ሁለት ወር ሙሉ ደም ሲያይ «ኪንታሮት ነው፣ መኪና ላይ መቀመጥ ያመጣው ነው» እያለ ራሱን ሲያታልል መክረሙን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ፈርቶ ነበር፤ በጣም ፈርቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጀበል ኩጁር ተራራ ሥር ወዳለው የሥራ ቦታው ሲስተር በዛብሽ አቧራ ለብሰው፣ ለአዲስ አበባ ሐኪም የተጻፈ ደብዳቤ ይዘው መጡ።

«ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ፤ ስድቡን ስትመለስ ትጨርሰዋለህ» አሉት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይሄ በዘር የሚወርድ ነው የሚመስለኝ። መጀመሪያ ትንሽ እባጭ ነው፤ በቀጭን ካሜራ አይተው እዚያው ይቆርጡታል። ከቆየ ግን ወንድምህን ያደረገውን ያደርግሃል። ነገ በረራ አለ።»

አዲስ አበባ ላይ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ሲጠጣ በየጉንጩ ረገማቸው። ሐኪሙ አራት እባጭ ቆርጦ አወጣ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

«አንዱ ካንሰር ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር» አለው ሐኪሙ። «ደርሰህበታል። በየዓመቱ ትታያለህ፤ እህትህም ትምጣ።»

ዕለቱን እናቱን ጠየቀ። «ለመሆኑ ሒሩት ናት ያላችሁት በምን አውቃችሁ ነው?»

እናቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለቅሶው ላይ ‹በምን ሞተ?› እያለች አጥብቃ የጠየቀች እሷ ብቻ ነበረችና።»

ሃያ ስምንት ዓመት የተኮረፉትን አሮጊት፣ ሒሩትን፣ ደጃቸው ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ጁባ በተመለሰ ማግስት ተሾመ መርዶ ይዞ መጣ፤ ኢትዮጵያ በስደት ያደገው ሾፌራቸው ዱኦት አጎቱ አርፈውበታል።

«በስንት ዓመታቸው?» አለ እንድሪያስ።

«በሃምሳ ሁለት። ለቅሶው ሎሎጎ ሰፈር ነው። ለመርማሪዋ ግን እንዳትነግር፤ አንተ ካባረርካት ወዲህ ማንም አይጠራትም።»

ስልኩን አወጣ።

«ሲስተር፣ የዱኦት አጎት አርፈዋል። ይዘጋጁ፣ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

ከወዲያ ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ።

«በስንት ዓመታቸው?»

«በሃምሳ ሁለት» አላቸው። «በምን የሚለውን አብረን እንጠይቃለን።»