የላቀው ሁለተኛ ዓይን

ትናንት ከምሳ በኋላ ሕልም ያየው ጎረቤቴ ሰዓሊው ላቀው ነው። የማወራው ግን እኔ ነኝ፤ እሱ ሲያወራው እያፈረ ግማሹን ይውጠዋል።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ለደብራችን የሚካኤልን ሥዕል እንዲሠራ፣ ከእግሩም ሥር የእሳቸውን መልክ እንዲያኖርላቸው አዘዙት። ላቀው ግን የድሮ የጣሊያን ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ ተውሶ ልቡ ሸፈተ። ባልቴቷን እንደዚያ ዘመን ወይዛዝርት በጎን ሳላቸው፤ በአንድ ዓይን! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ በጎን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ለላቀው ትዝ ያለው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። እሳቸው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊያዩት ይመጣሉ። ምሳውን እንደ በላ ጋደም አለ።

ወዲያው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ወደነበረ የፈረንጅ ከተማ ገባ። እዚያ ሥዕሎች ሰው ይስላሉ፤ ሐውልቶች መዶሻ ይዘው ቀራጮቹን ይቀርጻሉ።

"ትንሽ ታገስ፣ ቦርጭህን ላንሳልህ" ይላል አንዱ ሐውልት።

"እሺ ጌታዬ" ይላል ቀራጩ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰዎች በኮሌታቸው ተሰቅለዋል። ሥዕሎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እየዞሩ ያዩአቸዋል።

"ይሄኛውስ ነፍስ ያለው ይመስላል!"

"ጣቶቹ ግን አልሆኑም።"

ዕንቁ ያሰረች፣ በጎን ብቻ የተሳለች እመቤት ላቀውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ትስለው ጀመር። ሌላው ጎኗ ባዶ ሸራ ነበር።

"እመቤቴ፣ ሁለት ዓይን አለኝ እኮ!"

"እኔ የማየው አንድ ነው።"

ቢዳስሰው እውነትም የለም፤ ልሙጥ ጉንጭ ብቻ።

"ኧረ በሚካኤል! አገሬ እንዲህ ሆኜ ብገባ ከሰይጣን ጎን ነው የሚያቆሙኝ! ያዙሩኝ!"

"ፊት በአንድ ቀን አይዞርም" አለችው። "ጥበብ ቀስ እያለች ነው የምታድገው። ግማሽ ዞር ለማለት አምሳ ዓመት፣ ፊት ለፊት ለማየት መቶ ዓመት ይፈጃል።"

ላቀው ተነሥቶ እግሬ አውጪኝ አለ። ለካ በዚያች ከተማ፣ ሥዕል ላይ እንደሚደረገው፣ የራቀ ነገር ሁሉ እንዲያንስ የታወጀው የዚያን ዕለት ጠዋት ነው! በሮጠ ቁጥር አነሰ። መንገዱ ጫፍ ሲደርስ ቁንጫ አክሎ ነበር። እዚያ፣ እስከ ወገቡ ድንጋይ ውስጥ የቀረ አንድ ሐውልት በሁለት ጣቱ አነሣው።

"ወዴት ነው ጥድፊያው? እኔ እስከ ወገቤ ለመውጣት ሰማንያ ዓመት ፈጀብኝ፤ አንተ ለአንድ ዓይን ትቸኩላለህ?"

"ጋሼ፣ ሰው ይመጣብኛል! ዘጠኝ ሰዓት ላይ!"

"በል እንግዲያው እኔው ልክፈትልህ" አለና መሮውን የላቀው ልሙጥ ጉንጭ ላይ ደግኖ በመዶሻው ቀጭ!

ላቀው እየጮኸ ነቃ። በመስኮት የገባች ንብ የዓይኑን ቆብ ነድፋው ኖሯል፤ አንዱ ዓይኑ አብጦ ድርግም ብሏል። በሩ ይንኳኳል። ሲከፍት እትዬ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ከእሱ ኋላ ሥዕሉ እንደ ተገተረ ነው። ላቀው ያበጠው እንዳይታይበት ደህናውን ጎኑን ሰጥቶ ቆመ።

እትዬ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እሱን አዩ።

"አንተ ላቀው፣ ምን ሆነሃል? ዞር በልና ፊት ለፊት እየኝ እንጂ!"

"እትዬ" አለ ላቀው ግድግዳውን እያየ፣ "እሱ እንኳ መቶ ዓመት ይፈጃል።"