የናዝሬት ሙቀትና የፈረንሳይ ሻምፓኝ

ወይን የበቀለበትን አገር ይናገራል ይላሉ፤ እኔ ግን የሚናገረው ስለ ጠጪው ነው ባይ ነኝ። ካላመናችሁኝ ለማያውቅ ሰው ቀይ ወይን ቅዱለትና ፊቱን እዩ። ጠጅ መስሎት ይጎነጫል፤ ወዲያው ኮምጣጤ ያጠጣችሁት ይመስለዋል፤ ቤቱ የሰው ነውና ዋጥ አድርጎ "ጥሩ ነው" ይላል። ይሉኝታ ያልተቀላቀለበት ወይን በእኛ አገር ተቀድቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔን ከወይን ጋር ያስተዋወቁኝ የናዝሬቱ ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ በአንድ ጣሊያን ሆቴል ባንኮኒ ላይ ዕድሜያቸውን ፈጅተው፣ ሆቴሉ ሲወረስ ባለቤቱ ሲኞር በስንብት የሰጧቸውን ጠርሙሶች አልጋቸው ስር ደርድረው ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ እኔን፣ የሰፈሩን መምህር፣ ይጠሩኝና አንዱን ይከፍታሉ። ከጣሊያኖቹ የፒየሞንቴው ወይን ምላስ ያስራል፤ የቶስካናው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ የሲሲሊው ፀሐይ የጠገበ ነው። የዱከሙን ሲቀምሱ ግን "ይኼ ገና ልጅ ነው፣ ይደርሳል" ይላሉ። ስለ ገዛ ልጃቸው ማውራት ካቆሙ ሰንብተዋል።

ልጃቸው ዮናስ ተማሪዬ ነበር። ዘመኑ የቀይ ሽብር ነው፤ በራሪ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ይፈለጋል። ሰፈሩ "ወደ ሐረር ሸሽቷል" ይላል። እኔና ወላጆቹ ግን ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ጆንያዎቹ ኋላ መሆኑን እናውቃለን። ከተገኘ እንደማይመለስም እናውቃለን። በዚያ ወራት "ቀይ" ሲባል ወይን ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ በዚህ መሃል እህቱ ተዳረች። ሰርግ መሰረዝ ያስጠረጥራል፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር አለመጥራት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ከተማሪዎቼ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ወጣት፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ ከሙሽሮቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ጋሽ ደምሴ ለዚህ ቀን ያቆዩት አንድ ሻምፓኝ ነበራቸው። "ሻምፓኝ የቦታ ስም ነው" ይሉኝ ነበር፤ "ከዚያ ካልመጣ አረፋ ያለው ወይን ነው እንጂ ሻምፓኝ አይባልም።" ታዲያ ሰርግ ላይ ሻምፓኝ እንዲጮህ ተደርጎ እንደሚከፈት ታውቃላችሁ፤ ካልጮኸ እንዳልተከፈተ ነው የሚቆጠረው። እሳቸው ግን ጊዜውን አይተው በፎጣ ጠቅልለው፣ ኮሽታ ሳያሰሙ ሊከፍቱት ወስነዋል። ሁሉን አስበው የናዝሬትን ሙቀት ረሱ። በረዶ ጠፍቶ ጠርሙሱ ግሏል። ሽቦውን ገና ላላ እንዳደረጉት ቡሹ በራሱ ፈነዳ።

ሰርገኛው በሙሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ሙሽራዋ ከነቬሎዋ ተደፋች። ጓድ ሊቀመንበርም ጠረጴዛው ስር ገባ። ከቡልቡላ የመጡት የሙሽራው አጎት በሆዳቸው እንደተኙ "ማል ታኤ?" ብለው ጠየቁ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

የጓዳው በር ተበርግዶ ዮናስ ወጣ።

"አባዬን ገደላችሁት!" አለ።

አባቱ በአረፋ ርሰው፣ ጠርሙሱን እንደያዙ ቆመዋል። እናቱ እትዬ አስካለ ዘለው ልጃቸውን አፉን አፍነው ወደ ጓዳው ይገፉት ጀመር። እኛ ሁላችን ጠረጴዛውን እናያለን። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጓድ ሊቀመንበር አልወጣም። ከጠረጴዛው ልብስ ስር ጫማው ይታያል።

"ጓድ፣ ሻምፓኝ ነው" አልኩት።

"ቆይ፣ ኮፍያዬ ጠፍቶኝ ነው" አለ።

ኮፍያው ራሱ ላይ እንደነበር በኋላ ሲወጣ አየነው። የጓዳው በር ሲዘጋ እስኪሰማ ድረስ ግን ፈለገ። ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ማንንም ሳያይ ጠየቀ።

"ከየት አገር ነው?"

"ከፈረንሳይ፣ ጓድ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ድምፁ ከባድ ነው" አለና ብርጭቆውን ዘረጋ።

ዮናስ ተርፎ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ጓድ ሊቀመንበርን ግን ክረምቱ ሳይገባ የገዛ ጓዶቹ መጥተው ወሰዱት። ለእሱ ጠረጴዛ ስር የገባለት ሰው አልነበረም።