የአማቴ መኪና ወለል

አሮጌ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ቀለሟን ያያል፣ ሞተሯን ያስነሳል፣ ጥሩንባዋን ይነካል፤ አበቃ። ምንጣፉን ገልጦ የሚያይ ስንቱ ነው? እኔ ግን በያጅ ነኝ። ቃሊቲ ውስጥ ከላሜራ ጋር ስታገል ስለኖርኩ ዓይኔ ቶሎ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ዝገት እንደሆነ አደባባይ ወጥቶ አይጠብቅህም። ምንጣፍ ስር ተኝቶ፣ እርጥበቱን እየጠጣ፣ ዝም ብሎ ይበላል።

ይህን ካልኩ አይቀር የአማቴን መኪና ነገር ላውራህ።

ጋሽ ወልዴ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ የአቃቂ ሰው ናቸው። አንዲት ሰይቼንቶ ነበረቻቸው፤ ያቺ ታክሲ ሆና ከተማውን ስታምስ የነበረችው ትንሽዬ የጣሊያን መኪና። ዓይናቸው ሲደክም ቁልፏን ለእኔ ሰጡኝ። ባለቤቴ አልማዝ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበረች።

"ከሐኪም ቤት የምናመጣቸው በዚህች ነው" አሉ። ከዚያ ወለሉን በጫማቸው መታ መታ አደረጉና፣ "ይሄን እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት። እንዳትነካው!" አሉኝ።

መኪና የሰጠህን ሰው ምን ትለዋለህ? "እሺ ጋሼ" አልኩ።

እጄ ግን አላረፈም። ምንጣፉን ገለጥኩ፤ ወፍራም ካትራም። ካትራሙን ፋቅኩ፤ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የዘይት ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ብድግ ሳደርገው ስሩ ወለል የሚባል ነገር የለም፤ ቡናማ ዱቄት ነው። ካቻቢቴው አልፎ መሬቱን ወጋው። የወንበሩን ቡሎኖች የያዛቸው ብረት ሳይሆን ካትራሙ ነበር። እዚያ ላይ እኮ ነው እርጉዝ ሚስቴ የምትቀመጠው!

እንግዲህ ትልቅን ሰው "የሠሩት ወለል በስብሷል" ይባላል? አልማዝን ባማክራት ሳቀች። "ሥራው፤ ብቻ አባዬ እንዳይሰማ" አለችኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። ለእኔ ማለቴ ነው። ልምድ የሌለው ሰው ወለሉን በአንዴ ቆርጦ ሲያወጣ መኪናዋ መሃሏ ይረግባል፤ ከዚያ በሩ አልዘጋም ይላል። እኔ መጀመሪያ ከበር ምሰሶ እስከ በር ምሰሶ ብረት በየድኩባት። ቀጥሎ ደህና ብረት እስካገኝ ድረስ ቆረጥኩ። ለዝገት ማዘን የለም፤ ጥቂት ከተውክለት ተመልሶ ይመጣል።

ልክ ወለሉ ወጥቶ ሳለ፣ እሑድ ቀን፣ ጋሽ ወልዴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግቢያችን ገቡ። ሸራ አንስቼ መኪናዋ ላይ ወረወርኩ።

"ምን ሆና ነው?" አሉ።

አልማዝ ሆዷን ይዛ ደረሰች። "ቀለም ቀብቷት ነው አባዬ፤ አልደረቀችም። ና ግባ፣ ምሳ ቀርቧል።"

"ወለሉን አልነካህም አይደል?"

"ኧረ ጋሼ! እንዴት አድርጌ!"

በሉ፣ መረቁን፣ ሄዱ። እኔም አዲስ ላሜራ በየድኩ፣ ከላይም ከታችም የዝገት መከላከያ ቀባሁ፣ የድሮውን ምንጣፍ መለስኩ። ሽታው እንዳይለወጥባቸው ካትራም እንኳ ጣል አድርጌበታለሁ።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። አልማዝ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላ፣ ጋሽ ወልዴ ከፊት ሆነው ሳሪስ ካለው ሐኪም ቤት ወደ ቤታችን ወረድን። ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ስንል ወለሉን በእግራቸው መቱት።

"ሰማህ? ሥራ ማለት ይሄ ነው! ዛሬ እንዲህ የሚሠራ አለ?"

"ከየት መጥቶ ጋሼ" አልኩ። ምስጋናው የማን እንደሆነ ስለማውቅ ደረቴ ሞልቶ ነበር።

ልጃችን ክርስትና ከተነሳች በኋላ ነው አልማዝ ብቻዋን ስትስቅ ያገኘኋት። ለካ ያን እሑድ አባቷ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ሸራውን ገለጥ አድርገው አይተው ኖሯል። መሪ አለ፣ ወንበር የለም፣ ወለሉ ሣር ነው። "ባልሽ በደንብ ይዞታል። እንዳየሁ ግን እንዳትነግሪው፤ ቅር ይለዋል" ብለዋታል።

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?" አልኳት።

"እኔስ መቼ ልሳቅ?"

እኔም እንዳላወቀ ሰው ሆንኩ። ጋሽ ወልዴ ወለሉን ለእንግዳ ሁሉ ያሳያሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እመሰክራለሁ። በቀደም አንድ ጎረቤታቸው የእሱንም መኪና ወለል እንዲሠሩለት ለመናቸው።

"እኔ እንኳን ደክሞኛል" አሉት ወደ እኔ እየጠቆሙ፤ "ግን ለዚህ ልጅ አሠራሩን በደንብ አሳይቼዋለሁ።"